የቀኝ ፔዳሉ ድምፅ

አራሚው ሲናደድ መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮው ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረውት የኖሩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ገና ከበሩ ሆነው ጆሮውን አይተው ወይ ይገባሉ ወይ ይመለሳሉ። ሥራው የሰው ስህተት መልቀም ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ አፍንጫውን ከወረቀት ላይ ነቅሎ አያውቅም። ሲወጣ ቀይ እስክሪብቶውን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ዓይኑን ግን መቆለፍ ስለማይችል ይዞት ወደ ቤት ይሄዳል። የሱቅ ማስታወቂያ ያርማል፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ያርማል፣ የሰርግ መጥሪያ ያርማል። "አንተ ሰውዬ፣" ትለዋለች ባለቤቱ፣ "የራስህን የሞት ማስታወቂያ ሳታርም ነፍስህ አትወጣም።"

የብስክሌት ነገር ከተነሳማ ጉድ ፈላ። ብስክሌት ማለት ለእሱ ብረት ነው፤ ሌላው ሁሉ አሻንጉሊት ነው። "ብረት ሲታመም ይናገራል። ይጎብጣል፣ ይዝጋል፣ ይበየዳል። ይኼ ካርቦን የምትሉት ግን አኩርፎ አኩርፎ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል!" ይላል። ማርሽ ለመቀየር ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ያየ ቀን ምሳ አይበላም። ስምንት ማርሽ ያልበቃው ሰው አሥራ ሁለት ቢያገኝም አይበቃውም፤ የጎደለው ማርሽ ሳይሆን ጭን ነው ባይ ነው። የውሃ መያዣውን በግራም አስመዝኖ ገዝቶ፣ ቦርጩን ግን ሳያስመዝን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ያበግነዋል። የራስ መከላከያውን እንደ ቆብ ወደ ኋላ ገፍቶ ግንባሩን ለአስፋልት የሚያዘጋጅ ያበግነዋል። ጎማውን በአውራ ጣቱ ሳይጫን ከቤት የሚወጣ፣ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ፣ የጠቆረ ካቴና ላይ ግራሶ የሚለቀልቅ፣ ይኼ ሁሉ እሱን ለመስደብ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል። "ካቴናህን ሳትጠርግ መምጣት ማለት ጥርስህን ሳትቦርሽ ሰው መሳም ማለት ነው" ብሎ የተናገረው ለአንድ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ያውም ክለቡ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ።

ከሁሉ በላይ የሚጠላው ግን ድምፅ ነው። ጤነኛ ብስክሌት አይናገርም። እሁድ ጠዋት አብረውት የሚነዱት አሥራ ዘጠኙ የክለብ አባላት ከእሱ አጠገብ ከመሰለፋቸው በፊት ብስክሌታቸውን አንስተው ያንቀጫቅጩታል፤ አንዲት ብሎን ብትላላ ቀኑን ሙሉ መዋረድ እንዳለ ያውቃሉ።

ክፋቱ፣ ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ከዓመታት በፊት አንዱን አባል ከኋላው ሆኖ አዳምጦት "ውረድ! የፊት ሹካህ ተሰንጥቋል!" ብሎ ጮኸበት። ሰውዬው እየሳቀ ወረደ። ቀለሙን በጥፍሩ ሲፍቀው ግን ስንጥቁ እዚያው ነበር፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከፊታቸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ብስክሌት የአራሚው ቃል የመጨረሻ ቃል ሆነ። ሰው ሲያምነው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት።

በዚህች ምድር ላይ አራሚው የማያርማት አንዲት ሰው ነበረች፤ ጠጋኟ። ከፀጉር አስተካካዩና ከፎቶ ቤቱ መሀል ያለችውን ጠባብ ክፍል ይዛ አሥራ ሰባት ዓመት ብስክሌት ጠግናለች። መፍቻዎቿ ግድግዳው ላይ በቅደም ተከተል ተሰቅለዋል፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ ከኋላው በጠመኔ ስለተሰመረ አንዱ ቢጎድል ወዲያው ይታያል። ብስክሌት የምትሰቅልበትን መቆሚያ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ራሷ ነው ያሠራችው። አዲስ ዕቃ መግጠም ለማንም የማይከብድ ሥራ ነው ብላ ትንቃለች፤ የእሷ ኩራት የተጣለ ኩሽኔታ ፈትታ፣ አጥባና ቀብታ፣ እንደገና እንደ ውሃ እንዲዞር ማድረግ ነው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ አለቻት። አራሚው ግን "አንቺ ልጅ" ነው የሚላት። እሷ "ጋሼ" ትለዋለች፣ አንተ እያለች ትጠራዋለች፣ ሲጮህባት ትጮህበታለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ስለ ቸርኬ ሽቦ አወጣጠር ሲጨቃጨቁ የሰማው ፀጉር አስተካካይ ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ለደንበኞቹ አውርቷል።

ነገሩ የጀመረው ወደ ውሃ ታንከሩ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። አራሚው ከኮርቻው ተነስቶ ቀኝ እግሩን ሲጫን፣ ከታች አንድ ነገር "ቀጭ" አለ።

በመጀመሪያ ድምፁ ከጎኑ ካለው ሰውዬ ነው ብሎ ገላመጠው። ሰውዬው ወደ ኋላ ቀረ። ድምፁ ግን አልቀረም። ቀኝ ፔዳሉ ወደ ላይ መጥቶ መውረድ ሲጀምር ቀጭ፣ እንደገና ቀጭ። ጆሮው ቀላ። ታንከሩ ጋ ሲደርሱ ሌሎቹ ውሃ ሲጠጡ እሱ ብስክሌቱን ገልብጦ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳት ብረት፣ ባለቤቱ "ጣውንቴ" የምትላት፣ ሰው መሀል አዋረደችው።

ቤት ሲገባ ኮሪደሩ ላይ የተጣለ የማተሚያ ቤት ወረቀት አነጠፈና ፈታታት። ፔዳሉን አወጣ፣ የብሎኑን ጥርሶች አጠበ፣ ቀባ፣ ገጠመ። በማግስቱ ነዳት፤ ቀጭ። ኮርቻውን ፈታ፣ የኮርቻውን ብሎኖች አንድ በአንድ ጠረገ፤ ቀጭ። የመሪውን ብሎን፣ የኋላ ቸርኬውን፣ የውሃ መያዣውን ሳይቀር ነቀለ፤ ቀጭ። ባለቤቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ማእድ ቤት ለመሄድ በብሎን ላይ ትራመድ ነበር። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ ፔዳሉን በእጇ አዞረችው። ካቴናው ሹር ብሎ ዞረ እንጂ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

"ይኸው ዝም ብላለች" አለችው።

"በእጅ ሲዞርማ ዝም ትላለች! ጭነት ሲያርፍባት ነው የምትጮኸው።"

"ጭነቱ ማን ነው እንግዲህ፤ አንተ አይደለህ? እኔ የምልህ፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ እኮ..."

"አንቺ ደግሞ ስለ ብስክሌት ምን ታውቂያለሽ! እባክሽ ብሎኑን አትርገጪብኝ።"

ባለቤቱ ብሎኑን ተራምዳ ሄደች።

ቅዳሜ ወደ ጠጋኟ ወሰዳት። ጠጋኟ ብስክሌቷን ቧንቧው ላይ ሰቅላ ቀኑን ሙሉ መረመረቻት። ፔዳሉ የሚዞርበትን የመሀል ኩሽኔታ አወጣችው፤ ራሷ ከአንድ ወር በፊት የገጠመችው ነው። ቴላዮውን፣ የብስክሌቷን የብረት አጥንት፣ በባትሪ መብራት እያበራች ከብየዳ እስከ ብየዳ በጨርቅ አሸችው። ከዚያ ኮርቻውን ዝቅ አድርጋ ራሷ ወጣችባት፤ ሠፈሩን ሁለት ጊዜ ዞራ፣ ከፋርማሲው ጎን ያለችውን አጭር ዳገት ከኮርቻው ተነስታ ወጥታ መጣች።

"ብስክሌቱ ምንም የለበትም፣ ጋሼ" አለችው እየወረደች።

"እንዴት ነው ምንም የሌለበት? እየሰማሁት!"

"እኔ ስነዳው አይጮህም።"

"አንቺ ላባ ስለሆንሽ ነው! እኔ ስጫነው ነው የሚሰማው። ኩሽኔታውን ስትገጥሚ ያለ ልክ አጥብቀሽው ቴላዮውን ሰንጥቀሽዋል። በቃ! ሰንጥቀሽዋል!"

ጠጋኟ እጇን በጨርቅ እየጠረገች አየችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ እግሩ ዝቅ አደረገች። "ጋሼ፣ እስኪ አንተ ራስህ እዚህች ደረጃ ላይ..."

"እኔ ራሴ ምን? ደግሞ ወደ እኔ ልታዞሪው ነው? ሰው ስህተቱን ያምናል! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንቺን የመሰለ ባለሙያ የለም እያልኩ ለሰው ስምል ኖሬ!"

"ቴላዮው ጤነኛ ነው" አለች ጠጋኟም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ከፈለግህ በመጋዝ ቁረጠውና ውስጡን እይ! እጄን አትንካብኝ ግን። ያለኝ እጄ ነው።"

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ ይዞ በመስኮት እያያቸው ነበር። አራሚው ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ፤ ከንዴቱ ብዛት መንዳቱንም ረሳው።

አሁን ደግሞ ብስክሌት የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራ። ሌላው ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወው ነበር። አራሚው ግን ነገሩን በማስረጃ ሊጨርሰው ፈለገ። በሚቀጥለው እሁድ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ሄደና "ውረድ፣ ብስክሌትህን አምጣት" አለው። የሐኪሙ ብስክሌት በሕይወቴ አልወጣባትም ብሎ የማለባት ካርቦን ናት፤ ክለቡ ሁሉ ዓይኑን አላመነም። ጠጋኟ ባለፈው ሐሙስ የዚህችን ብስክሌት ፔዳሎች ፈትታ ቀብታለታለች። አራሚው ወጣባት፤ ዳገቱ ላይ ከኮርቻው ተነሳ፤ ቀኝ እግሩን ተጫነ።

ቀጭ።

ወርዶ ሲመጣ ጆሮው በርበሬ መስሎ ነበር። "ሰማችሁ? በብረቱም በካርቦኑም ያው ድምፅ ነው! ያው ቦታ! ሁለቱን የነካ አንድ እጅ ነው። እጇ ነው! እጇ ተበላሽቷል!"

"ለእኔ እኮ ጮሆልኝ አያውቅም" አለ ጥርስ ሐኪሙ።

"አንተማ ጆሮህ ውስጥ ሙዚቃ ሰክተህ እየነዳህ ምኑን ትሰማለህ!"

ጥርስ ሐኪሙ አፈረ። ሌሎቹም አልተከራከሩም፤ የተሰነጠቀውን ሹካ ሁሉም ያስታውሳሉ። በማግስቱ ጉድ ሆነ፤ የሁሉም ብስክሌት መጮህ ጀመረ። አንዱ ከፊት ቸርኬው "ጥጥ" የሚል ነገር ሰማ፣ ሌላዋ ከኮርቻዋ ሥር፣ ሌላው ከየት እንደሆነ ባያውቅም ብቻ ሰማ። ሁሉም ጠጋኟ የነካቻቸው ነበሩ፤ ሌላ የነካቸው ሰው ስላልነበረ። አንድ በአንድ ብስክሌታቸውን አደባባዩ ላይ ወዳለው፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት ወደሆነው ትልቅ መደብር ይወስዱ ጀመር። የክለቡ ወሬ የክለቡ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ፀጉር አስተካካዩም የበኩሉን አከለበት።

ሦስተኛው ወር ሳያልቅ የጠጋኟ በር ተዘጋ። አራሚው ከሥራ ሲመለስ አየው፤ ቁልፉን አየና "የእጇን አገኘች" አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ግን ደስ አላለውም። ይልቅ ያን ምሽት በሾርባው ጨው ባለቤቱን ተጣላ፣ በዜናው አነባበብ ቴሌቪዥኑን ተጣላ፣ በመጨረሻም ብስክሌቱን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጀርባውን ሰጣት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚጨቃጨቀው ሰው አጣ። ይህንንም በእሷ አሳበበ።

ማተሚያ ቤቱ አምስት ፎቅ ነው፤ የአራሚው ክፍል አራተኛው ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ ሊፍቱ ተበላሸ። አራሚው የሊፍት ሠራተኞችን ዘር ማንዘር እየወቀሰ፣ የአንድ መማሪያ መጽሐፍ ጥራዝ በሁለት እጁ ታቅፎ በደረጃው መውጣት ጀመረ። በሦስተኛው ደረጃ ላይ "ቀጭ" አለ።

ዞር ብሎ ብስክሌት ፈለገ። ደረጃው ላይ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። አንድ ደረጃ በግራው ወጣ፤ ዝም። በቀኙ ወጣ፤ ቀጭ። እንደገና በግራ፣ ዝም። በቀኝ፣ ቀጭ። ጥራዙን መሬት አስቀመጠና እስከ ታች ወርዶ እንደገና ወጣ። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ መዳፉን ቀኝ ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠፈው፣ ዘረጋው። በመዳፉ ውስጥ ተሰማው።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ስትወርድ አገኘችው።

"ጋሼ፣ ምነው፣ አመመዎት?"

"አላመመኝም! ሂጂ ወደ ሥራሽ!"

ሴትዮዋ ደንግጣ ወረደች። አራሚው ወዲያው በራሱ አፈረ፤ እንዲህ ያለ እፍረት ካፈረ ሠላሳ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ቀስ እያለ ሁሉም ነገር መጣለት። ጠጋኟ ስትነዳት ብስክሌቷ ዝም ማለቷ። የካርቦኗ ድምፅ። ዓይኗን ወደ እግሩ ዝቅ ማድረጓ። "እስኪ አንተ ራስህ" ብላ የጀመረችውና ያላስጨረሳት። ስድሳ ገጽ የሚያህል ማስረጃ ነበር፣ እሱ ግን አንዱንም አላነበበም። የሊፍቱን ንዴት፣ የጉልበቱን ንዴት፣ የሦስት ወሩን ንዴት ሁሉ ወደ ማን እንደሚያዞረው ጠፋው።

ቤት ሲገባ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ባለቤቱን ጠየቃት። "ጉልበቴ ይጮሃል እንዴ?"

"ዘንድሮ ነው የሰማኸው? ማንቂያ ደወል ገዝተን አናውቅም እኮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ብሎ ጮኸ።

"መች ታስነግራለህ?" ጮኸችበት እሷም። "ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ ስለ ብስክሌት ምን ታውቂያለሽ አልከኝ! ደግሞም አንተ የማትሰማው ነገር አለ ብዬ በምን ልጠርጥር?" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የእኔንስ ተወው። ያቺን ሴትዮ ምን ልትላት ነው?"

አራሚው ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ። ጥፋቱ የጉልበቱ እንዳልሆነ ልቡ ያውቀዋል፤ ጉልበትማ ያረጃል። የሰው እንጀራ ዘጋ። የአሥራ ሰባት ዓመት ስም በአንድ እሁድ ጠዋት አፈረሰ። እንደ ምንም ሊመለስ የሚችል ከሆነ መመለስ ያለበት እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ በሕይወቱ "ተሳስቻለሁ" ብሎ የተናገረበትን ቀን ቢያስብ ቢያስብ አላገኘውም።

ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስህተት ቢገኝ ያለው ዘዴ አንድ ነው። "እርማት" የሚል ትንሽ ወረቀት ይታተምና በየመጽሐፉ ውስጥ ይገባል። ለአራሚ ከዚህ የከፋ ውርደት የለም። እሱ ያረመው መጽሐፍ ውስጥ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት ገብቶ አያውቅም፤ የጓደኞቹን ወረቀት ሲያይ ደግሞ ምላሱን አይሰበስብም። ዓርብ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ የማተሚያው ሠራተኛ ጋ ወርዶ አንዲት አጭር ጽሑፍ ሰጠው። ሠራተኛው አነበባት፣ ጆሮውን አየ፣ አተመለት።

እሁድ ጠዋት ክለቡ መነሻው ላይ ሲሰበሰብ አራሚው በእግሩ መጣ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ወረቀት አደለ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

"እርማት። ከሦስት ወር በፊት በዳገቱ ላይ 'እጇ ነው' ብዬ የተናገርኩት 'ጉልበቴ ነው' ተብሎ ይነበብ። ብስክሌቶቹ ሁሉ ጤነኞች ናቸው። ጠጋኟ አልተሳሳተችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አራሚው።"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ይህ በቃው። "ምን ያስቃችኋል?" ብሎ ጮኸባቸው። "አንድ ሽማግሌ ዳገት ላይ ስለጮኸ አሥራ ዘጠኝ ሰው ጆሮውን አውልቆ ይጥላል? ጆሮ የላችሁም? ያንተ ቸርኬ መች ጮኸ? ያንቺስ ኮርቻ? ማን እመኑኝ አላችሁ!"

"አንተ ነህ ያልከን" አለ ጥርስ ሐኪሙ በእርጋታ። "እንድናምንህ አንተ ነህ ያስለመድከን፣ ጋሼ። እኔማ ለእኔ አይጮህም ብዬህ ነበር።"

ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "አደባባዩ ላይ፣ መስታወቱ ቤት ነው ያለችው" አለው። "ተቀጥራለች። ሰኞ ሂድና አግኛት።"

መደብሩ ውስጥ ሁሉም ነገር ያበራል። ብስክሌቶቹ ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥለዋል፤ ዕቃዎቹ በላስቲክ ተጠቅልለው በቁጥር ተደርድረዋል። አራሚው ተራውን ይዞ ቆመ። ከባንኮኒው ጀርባ ጠጋኟ ቆማለች፤ አረንጓዴ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ደረቷ ላይ የመደብሩ ምልክት ተለጥፎ። ፊት ለፊቷ ያለው ደንበኛ የኋላ ቸርኬ አምጥቷል። ጣቷን አስገብታ አዞረችው፤ አራሚው ከቆመበት ሆኖ ኩሽኔታው አሸዋ ብቻ እንደገባበት፣ ታጥቦ ቢቀባ አሥር ዓመት እንደሚሄድ ሰማ። እሷም እንደሰማች ያውቃል። ግን እዚህ ማጠብ የለም። ከመደርደሪያው አዲስ አወረደች፣ አሮጌውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። አራሚው ያን ሲያይ ደሙ ፈላ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ በማን ላይ እንደሚጮህ ሲያስታውስ መልሶ ዘጋው።

ተራው ደረሰ።

"ምን ልርዳዎት?" አለችው።

እርስዎ ብላው አታውቅም። ወረቀቱን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። "ይህን ለሁሉም አድያለሁ" አላት። "ፀጉር አስተካካዩ በር ላይም ለጥፌዋለሁ።"

ጠጋኟ ወረቀቱን አልነካችውም። "አንብቤዋለሁ። ሐኪሙ ትናንት አመጣልኝ። በደንብ ተጽፏል።" ከዚያ እንደ ድሮው ወደ አንተ ተመለሰች፣ ድምፅዋ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። "የጻፍከው ለክለቡ ነው። ለእኔ ምን አልክ?"

ጆሮው ቀላ። "ምን ልበልሽ ታዲያ? ሰው ሁሉ እያየ ራሴን አዋረድኩ! በስሜ አሳተምኩት!"

"ራስህን አዋርድልኝ አላልኩህም።" ጮኻ አልተናገረችም። "በሬ ላይ ቆመህ ስትሰድበኝ ለእኔ ነበር የተናገርከው። ለክለቡ አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሠራሁላቸው ሰዎች አንድም ሰው መጥቶ እውነት ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቀኝ ቀረ። ልጄ 'እማዬ፣ እጅሽን ምን ነካው?' ብላ ደወለችልኝ። ሰምተህ ታውቃለህ? እጄን!"

አራሚው ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ። ጉሮሮው ውስጥ የተሰለፈው ቃል ሁሉ ንዴት ነበር፤ እሱ የሚያውቀው ሌላ መንገድ ስለሌለ ንዴቱን አንድ በአንድ እየዋጠ፣ ሥሩ ያለውን ፈለገው።

"አጠፋሁ" አለ በመጨረሻ። ድምፁ ስላልወጣ ደገመው። "አጥፍቻለሁ። በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

የጠጋኟ ዓይን እንባ ሞልቷል፤ ግን አልወረደም።

"ሰምቻለሁ" አለች።

"ክፍሏን እንደገና ክፈቺያት። እኔ ራሴ ከክለቡ ጋር..."

"መፍቻዎቼን ሸጬአቸዋለሁ፣ ጋሼ። ክፍሏም ሰው ይዟታል።" ወረቀቱን በጣቷ ወደ እሱ መለሰችው። "ይቅር ያልኩህ ቀን እነግርሃለሁ። ዛሬ ግን አይደለም።"

አራሚው ራሱን ነቀነቀ። ከኋላው የነበረው ሰውዬ ጎማውን ታቅፎ ወደ ፊት ተጠጋ፤ እሱም ቦታውን ለቀቀለት።